አሻራ ይነሳል ወይ?

ሰንበሌጥ ሜዳ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለመምህርት አምለሰት፣
አዴት

አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ጤናዎን ሳልጠይቅ ኖሬ ዛሬ እንደምን ሰነበቱ ማለት ያሳፍረኛል። ስለዚህ ሰላምታውን ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ፤ እሱ ያድርስልኝ።

እታለም ነኝ፤ የመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ሚስት የነበርሁት፣ የተናኜ እናት። ተናኜን አምስተኛ ክፍል ያስተማሯት፣ ልትዳር ስትል ደግሞ ሦስት ቀን ደጄ ላይ ተቀምጠው የለመኑኝ እርስዎ ነዎት። አልረሳሁም፤ እርስዎም እንደማይረሱ አውቃለሁ።

ተናኜ ቡሬ ምግብ ቤት ትሠራለች። የልጇ አባት ለቀን ሥራ ሁመራ እንደወረደ ቀረ። ልጇ ሕሊና ጡት ከተወች ጀምሮ ከእኔ ጋር ናት፤ ያን እርስዎ ያስተማሩበት ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። የምጽፍልዎ በእሷ ጉዳይ ነው።

እኔ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የወላጅ መምህር ኅብረት አባል ነኝ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ናሁሰናይ ነው የጠቆመኝ። «ወይዘሮ እታለም ጸጥተኛ ናቸው፤ ኮሚቴ የሚያፈርሰው ወሬ ነው» አለ፤ ተጨበጨበ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ሲጠሩኝ መሄድና አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ወረቀት ላይ ማሳረፍ ሆነ። ቀለሙ እስከ እሑድ አይለቅም፤ ቅዳሴ ስቆም ነጠላዬ ውስጥ እደብቀዋለሁ።

መንግሥት ለትምህርት ቤቱ የሚልከው ድጋፍ አለ። በመስከረም ዕቅዱ ሲነገረን፣ በዚያ ድጋፍ የስምንተኛ ክፍል ሴቶች ቅዳሜ ቅዳሜ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ትምህርት ያገኛሉ ተብለን ነበር። አንድም ቅዳሜ አልተከፈተም። ክፍሉ ሲሚንቶና ቀለም ተቆለለበት። በድጋፉ ከዞን ለሚመጡ ጎብኚዎች «እንኳን ደህና መጡ» የሚል የብረት በር ተሠራበት። ታኅሣሥ 18 ቀን ደግሞ ወረቀት አቀረቡልን። ማጠናከሪያው በዕቅዱ መሠረት ተሰጥቷል፣ ወላጆችም ተከታትለው አረጋግጠዋል ይላል። የልጆቹ ስም ዝርዝር ተያይዟል። ሕሊና አሥራ አንድ ቅዳሜ ተገኝታለች ይላል። በእነዚያ ቅዳሜዎች ሕሊና ከእኔ ጋር ጤፍ ታጭድ፣ በርበሬ ትለቅም ነበር።

ጣቴን አሳረፍሁበት።

የሕሊና አባት ወንድም ባንተአምላክ በአደባባይ ተናግሯል። «ፈተናውን ካለፈች ትማር፣ አልከለክልም። ከወደቀች ግን ቤቱ ተገኝቷል» ብሏል። ቤቱ ማለት ባል ማለት ነው። ፈተናው ሰኔ ነው። ልጅቱ ሰነፍ አይደለችም፤ ሒሳብ የሚያስረዳት ሰው ግን የለም። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ እሷን የወለደችበት ዕድሜ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ፤ አንዴ የተደረገ አሻራ ይነሳል ወይ?

መልሱን በቀበሌው ጸሐፊ እጅ እንዳይልኩት። ፍኖተ ሰላም ፖስታ ቤት ይቆይልኝ፤ ገበያ ስወጣ እወስደዋለሁ።

እታለም


አዴት፣ ጥር 9 ቀን 2005 ዓ.ም.

እትዬ እታለም፣

ስምዎን ፖስታው ላይ ሳይ ተቀምጬ ነው የከፈትሁት። አልተቀየምሁዎትም። ያኔም በእርስዎ አልነበረም የተናደድሁት፤ ያልተማረች መበለት እጅ ይዘው ወረቀት ላይ በሚጫኑት ሰዎች ነበር። ይኸው ዛሬም እጅዎን አልለቀቁትም!

ለጥያቄዎ፦ አሻራ አይነሳም። ቃለ ጉባኤ ግን ይፈርሳል። የድጋፉን መመሪያ ከደብዳቤው ጋር ልኬልዎታለሁ፤ የሚያስፈልግዎትን አስምሬበታለሁ። ዕቅዱ ከወላጆች ጋር መመከር አለበት። የተሠራው ሥራ ሁሉ ወላጅ በሚያይበት ሰሌዳ መለጠፍ አለበት። ወላጆች ጠይቀው ጠቅላላ ጉባኤ ማስጠራት ይችላሉ። ይህ ችሮታ አይደለም፤ መብትዎ ነው። ናሁሰናይ የሚባለው ሰው በሩን ለጎብኚ ሲያስጌጥ ያንን ድጋፍ የነጠቀው ከሕሊና ነው።

ከሁሉም በላይ ይህን ልብ ይበሉ። ማንበብ ለማይችል ሰው ጽሑፉ ሳይነበብለት የተወሰደ አሻራ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ጉባኤው ፊት ቆመው አንድ ቃል ብቻ ይበሉ፦ «ማንበብ አልችልም፣ አላነበቡልኝም።» በዚያች ቃል ወረቀታቸው ይፈርሳል። እርስዎንም የሚነካዎት የለም።

ደብዳቤውን የጻፈችልዎ ሕሊና ናት? እጇ ያምራል፤ የድሮ ሰው ጽሕፈት ይመስላል። እንዲህ የምትጽፍ ልጅ ብትወድቅ ኃጢአቱ የእኛ ነው።

አምለሰት


ሰንበሌጥ ሜዳ፣ ጥር 29 ቀን 2005 ዓ.ም.

መምህርት ሆይ፣

መመሪያው ደርሶኛል። እግዚአብሔር ያክብርልኝ ብዬ ልለፈው፤ ምስጋና ባበዛ ወደ ሌላ ነገር ይወስደኛል።

እናቶቹን ምንጩ ዳር ሰብስቤ ሕሊና እንድታነብላቸው አደረግሁ። መጀመሪያ ሳቁ። «የመንግሥት ወረቀት ለእኛ ምን ይለናል» አሉ። «ወላጆች» የሚለው ቃል አራት ጊዜ ሲደጋገም ግን እንስራቸውን መሬት አስቀመጡ። ሀብትነሽን ያውቋታል፤ አፏ የማይዘጋው። «እሱን መስመር ድገሚው» እያለች ሦስት ጊዜ አስነበበቻት። አንድ ቦታ ላይ ሕሊና አንድ መስመር ዘለለች፤ እኔ ሳላስበው «ከላይ ያለውን ዘለልሽው» አልሁ። ሀብትነሽ ዞር ብላ አየችኝ። «እንዴት አወቅሽ?» አለችኝ። «ነገሩ አልገጠመልኝም» አልኋት። እንስራዬን አንሥቼ ወደ ምንጩ ዞርሁ።

ማግስቱን እኔና ሀብትነሽ አቶ ናሁሰናይ ዘንድ ሄድን። ወንበር አላቀረበልንም።

«እማማ እታለም፣ ምን እግር ጣለዎት?»

«ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራልን ብለን ነው።»

«ብለን የምትሉት እነማን ናችሁ?»

«እናቶች።»

ሳቀ። «ጉባኤ ስለ ምን? ስለ ማጠናከሪያው ከሆነ እኮ እርስዎ ራስዎ አረጋግጠዋል። አሻራዎን ላሳይዎት?» አለና መሳቢያውን ሳበ።

ሀብትነሽ ናት የመለሰችለት። «ጣት ምን ያውቃል ጌታዬ! ጣት ዓይን የለው!»

«በሩን አላያችሁም? የዞን ሰዎች ፎቶ ያነሱት በር ነው። ይህ ትምህርት ቤት ሞዴል ሊባል ነው።»

«አይተነዋል፣ ምን ያማረ በር ነው። ለፈተናው ልጆቻችን በሩን ተሸክመው ይግቡ እንግዲህ!»

ተቆጣ፤ አስወጣን። ሀብትነሽ ግን በዚያው ሳምንት ከቤት ቤት ዞራ የሠላሳ አራት ወላጅ ስም አሰባሰበች። አቤቱታውን ወረዳ ድረስ በእግሯ ወሰደችው። ጉባኤው እሑድ መጋቢት 8 ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን ተብሏል። ተናኜም ከቡሬ ትመጣለች፤ ወላጅ ናትና።

«ማንበብ አልችልም፣ አላነበቡልኝም በይ» ያሉኝን ለሀብትነሽ ነግሬያታለሁ። «ይኸውልሽ! በዚች ነው የምንረታው» ብላ አጨበጨበች። ሁሉም እሷን ቃል ይጠብቃሉ።

ስለ ጽሕፈቱ የጠየቁኝን ሌላ ጊዜ እመልሳለሁ።

እታለም


ሰንበሌጥ ሜዳ፣ የካቲት 16 ቀን 2005 ዓ.ም.

መምህርት ሆይ፣

የመጨረሻው ደብዳቤዎ ሦስት መስመር ብቻ ነበር። ያችን አንድ ቃል ለመናገር ለምን እንደምፈራ ይጠይቁኛል። ደብዳቤውን የምትጽፍልኝ ሕሊና ካልሆነች ማን እንደሆነም ይጠይቁኛል። ቀኑ ቀረበ፤ ልመልስ።

የጻፍሁት እኔ ነኝ። ያችን ቃል የማልናገረው ውሸት ስለሆነች ነው። ማንበብ የተማርሁት በጎልማሶች ትምህርት አይደለም። መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ነፍሱን ይማረውና ግቢያችን ውስጥ ፊደልና ዳዊት ያስተምር ነበር። ተማሪዎቹ በጩኸት ይደግማሉ፤ እኔ ከግድግዳው ጥግ ጥጥ እፈትላለሁ። ጆሮዬ ድምፁን ያዘ፤ እሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ደግሞ ዳዊቱን ገልጬ ድምፁን ከፊደሉ ጋር አጋጠምሁ። አንድ ቀን ደረሰብኝ። ሳቀና «ለሰው እንዳትነግሪ፤ የሴት ደብተራ ብለው ያሙሻል» አለኝ። ይህ በ1980 ዓ.ም. ነው። እርስዎ ሰንበሌጥ ሜዳን ሳያውቁት።

እሱ በ1988 አረፈ። በ1989 የመሬት ሽግሽግ መጣ። ወንድ የሌለበት ቤት መሬቱ ይቀነሳል ተባለ፤ ለአካለ መጠን የደረሰና ጎጆ የወጣ ግን ይሰጠዋል። ያን ዓመት ሰው ሁሉ ልጁን በችኮላ ዳረ። ባንተአምላክ ለወንድሙ ሊያጫት መጣ፤ ወረቀቱንም ይዞት መጣ። «ተናኜ ወልደ ዮሐንስ፣ ዕድሜ 18፣ ባለትዳር።» ስምንቷ ቀለም አልይዝ ብላቸው ደጋግመው ስለጻፏት ወፍራለች። እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለች። ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር።

አንብቤው ነው ጣቴን ያሳረፍሁት።

መሬቱ ተሰጠ። ወንዝ ዳር፣ ጥሩ መሬት ነው። ተናኜ በአሥራ አራት ዓመቷ ሦስት ቀን አምጣ ሕሊናን ወለደች፤ ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብላ ተራምዳ አታውቅም። ሕፃኗን አዝላ ወደ እኔ የተመለሰች ቀን «እማ፣ ምን አደረግሽኝ?» አለችኝ። «ምን እንደሚል ምን አውቄ፣ የኔ ልጅ» አልኋት። ያችን መልስ ያቀበሉኝ እርስዎ ነዎት። ቀበሌው ደጃፍ ቆመው «እናትየዋ አታነብም፣ አታለዋታል!» ብለው ሲጮኹ ሰምቼ ነው የያዝኋት። ለዚያ ጩኸትዎ አዴት አዛወሩዎት። እኔ ግን በጩኸትዎ ተጠልዬ አሥራ ስድስት ዓመት ኖርሁ።

የታኅሣሡንም አንብቤው ነበር። ሕሊና የሚለውን ስም አይቼው ነበር። ጣቴ ለምዶ ወረደ።

ስለ የትኛው አሻራ እንደጠየቅሁዎ አሁን ያውቃሉ።

እታለም


አዴት፣ የካቲት 28 ቀን 2005 ዓ.ም.

ወይዘሮ እታለም፣

አራት ወረቀት ጽፌ ቀድጃለሁ፤ ይህ አምስተኛው ነው።

አዴት ስመጣ እናቴ ፍኖተ ሰላም ታማ ተኝታ ነበር። ስትሞት አልደረስሁም። ዝውውሩን ያመጣው ያ ጩኸት ነው ብዬ አልተጸጸትሁም፤ ለአንዲት የተታለለች እናት የተከፈለ ነው እያልሁ ራሴን አጽናናሁ። ተናኜን ከወለደች በኋላ ሆስፒታል ደጃፍ ባገኘኋት ጊዜ «እናትሽን እንዳትቀየሚያት፣ አላወቀችም» ያልኋት እኔ ነኝ። ዝም ብላ አየችኝ። ዝምታዋ ያኔ አልገባኝም ነበር።

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» የሚሉት ለዚህ ኖሯል!

ይቅር ብዬዎታለሁ አልልም። ይቅርታው የእኔ አይደለም። ግን ናሁሰናይ በእርስዎ ኃጢአት ተሸፍኖ እንዲያመልጥ አልፈልግም። ያችን ቃል ይበሉ ብዬ ነበር፤ አይበሏት። ከእንግዲህ በእኔ ቃል አይጠለሉም። መጋቢት 8 ቀን ወረቀቱን ከእጁ ይቀበሉና ራስዎ ያንብቡት። መቼ ተማርሽ ካሉዎት ይንገሯቸው።

አምለሰት


ሰንበሌጥ ሜዳ፣ መጋቢት 10 ቀን 2005 ዓ.ም.

መምህርት ሆይ፣

ወይዘሮ ብለው ጻፉልኝ። እትዬ የምትለዋን ቃል ፈልጌ ፖስታውን ውስጡን ሁሉ ዳሰስሁት።

ጉባኤው ሆነ። ሜዳው ሞልቶ ነበር። አቶ ናሁሰናይ ቃለ ጉባኤውን ይዞ «በአጭሩ ላስረዳችሁ» አለና ማጠናከሪያው ተሰጥቷል፣ ወላጅ አረጋግጧል ብሎ ተቀመጠ። ሀብትነሽ ጎኔን በክርኗ ወጋችኝ። ቃሏን እየጠበቀች ነው። ተነሣሁ።

«እስኪ ወረቀቱን እኔ ላንብበው» አልሁ።

ሳቅ ሆነ። «እማማ እታለም፣ ገልብጠው እንዳይዙት!» አለ አንዱ። ናሁሰናይም እየሳቀ ሰጠኝ። አልገለበጥሁትም። ከላይ ከቀኑ ጀምሬ አነበብሁ፤ ሳቁ ሁለተኛው መስመር ላይ ቆመ። የልጆቹ ስም ጋ ስደርስ በእያንዳንዱ ስም አንዲት እናት ትነሣለች። «የኔይቱ ያን ሰሞን ወባ ይዟት ተኝታለች።» «የኔማ አጎቷ ዘንድ መራዊ ነበረች፤ ከመራዊ ሆና ነው የተማረች?» አንዱ አባት ከኋላ «በሩን ስታስተምሩት ነበር እንዴ?» ብሎ ጮኸ። መጨረሻ ሕሊና የሚለውን ስም አነበብሁ። እናቷ ተናኜ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች፤ እንደቆመች ቀረች።

ናሁሰናይ ቀልጣፋ ሰው ነው። «በጣም ጥሩ» አለ። «እማማ ማንበብ ይችላሉ ማለት ነዋ። እንግዲያ አንብበው ነው አሻራ ያደረጉት። ሐሰተኛው ማን ሆነ?»

«እኔም ነኝ» አልሁ። «አንተም ነህ። እኔ ዛሬ እዚህ ቆሜያለሁ፤ አንተስ?»

ያን ጊዜ ባንተአምላክ ከወንዶቹ ረድፍ ድምፁን አሰማ። «ማንበብ የቻልሽው መቼ ነው፣ እታለም? የሰማንያ ዘጠኙንም አንብበሽዋል በይኛ!» ለማዋረድ ነበር፤ ያንን ወረቀት ያመጣው ራሱ መሆኑን በንዴቱ ረሳው። «አንብቤዋለሁ» አልሁት። «አሥራ ስምንት ይላል። አንተ አመጣኸው፣ እኔ አተምሁት። ልጅቱ አሥራ ሁለት ነበረች። ይህችን ደግሞ በአሥራ አራት አትወስዳትም።»

ተናኜ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ወደ እኔ ሳታይ «እንኳን ደህና መጡ» በሚለው በር አድርጋ እያነከሰች ወጣች። የቡሬ መኪና እስክትሄድ መንገድ ዳር ቆማ እንደነበር ሰዎች ነገሩኝ። አልተከተልኋትም። ምን ይዤ ልከተላት?

የሆነውን ልንገርዎ። ወላጆቹ ወረቀቱን አፈረሱት። ሲሚንቶውን በዚያው ቀን በሸክም አውጥተው ክፍሉን ጠረጉት። ማጠናከሪያው በመጪው ቅዳሜ ይጀምራል፤ በየሳምንቱ ሁለት እናቶች ክፍሉ ደጃፍ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። እኔን ከኮሚቴው አስወጡኝ። «አይታ ያተመች አትወክለንም» ያለችው ሀብትነሽ ናት፤ እያለቀሰች ነው ያለችው፤ በእኔም ቦታ እሷ ተመረጠች። ፍርዳቸው ልክ ነው።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አቶ ናሁሰናይ «ወረዳው እስኪያጣራ» ተብሎ በወንበሩ ላይ ነው። ያተምሁት ተባረርሁ፤ ያሳተመኝ ይሠራል። ባንተአምላክም ማታውን ጠላ ቤት ሲስቅ ተሰምቷል። የደሃ ጣት ሲቀላ ሰው ሁሉ ያያል፤ ቀለሙን የያዘውን እጅ ማን ያያል?

እታለም


ሰንበሌጥ ሜዳ፣ ነሐሴ 27 ቀን 2005 ዓ.ም.

መምህርት ሆይ፣

ለሰኔው ደብዳቤዎ ያልመለስሁት ውጤቱ እስኪወጣ ብዬ ነው። ለሕሊና የላኩላት የሒሳብ ደብተር እየተጋራ ለዘጠኝ ሴቶች ሆነ። ሽፋኑ አልቋል።

አልፋለች። በጭንቅ ነው፤ ግን አልፋለች። መስከረም ፍኖተ ሰላም ዘጠነኛ ክፍል ትገባለች። ባንተአምላክ ለያዘላት ቤት ሌላ ሙሽራ ይፈልግለት።

ስለ ተናኜ ጠይቀውኛል። አምስት ወር ሙሉ አልመጣችም፤ ለልጇ ዕቃ ስትልክ በሰው ነበር። ትናንት ግን የመመዝገቢያውን ቅጽ ይዛ መጣች። አልተቀመጠችም። ውኃ ሰጠኋት፣ አልጠጣችም።

«እማ» አለችኝ፣ «በሰማንያ ዘጠኝ ባንተአምላክ የመጣ ቀን አጠገብሽ ቆሜ ነበር። ወረቀቱን ሲሰጡሽ ዓይንሽ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ አይቻለሁ። አምስተኛ ክፍል እኮ ነበርሁ፤ የሚያነብ ሰው ዓይን አውቃለሁ። ቁጥሯ ላይ ስትደርሺ ቆመ።»

«ታውቂ ነበር?»

«እስክትነግሪኝ ጠበቅሁ። አንድ ዓመት ጠበቅሁ። ሕሊናን ወልጄ ስመጣ ትነግረኛለች አልሁ። ምን አውቄ አልሽኝ። ከዚያ በኋላ መጠበቁን ተውሁት።»

ይቅር በይኝ አልሁ። ቅጹን መደቡ ላይ ዘረጋችና እስክሪብቶ ከብብቷ አውጥታ አጠገቡ አኖረች። እሷ ከእኔ ይልቅ በደንብ ትጽፋለች፤ ግን «አንቺ ሙይው» አለችኝ።

ስሟን ጻፍሁ። የእናቷን ስም ጻፍሁ። ዕድሜ የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ በቁጥር አልጻፍሁትም፤ ቁጥር ይደለዛል። «አሥራ አራት» ብዬ በፊደል ጻፍሁት፤ ቦታው ጠበበኝና የመጨረሻዋ ፊደል ከመስመሩ ወጣች።

ተናኜ ወረቀቱን አንሥታ እየጮኸች አነበበችው። አሥራ አራት። እንደገና አነበበችው። ቀለሙን እፍ ብላ አደረቀችና አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። «ለመስከረም ማርያም እመጣለሁ፣ ልጄን ላደርሳት» ብላ ሄደች። ለእኔ ነው ያለችው ወይስ ለራሷ አላውቅም።

እስክሪብቶዋን አልወሰደችውም። ይህን የምጽፍልዎ በእሱ ነው።

እታለም